ከምስጋናው በኋላ ያለው

የጎጃም ገበሬ አቤቱታ ሲኖረው ከምስጋና ይጀምራል። ቤቱ ተቃጥሎበት የመጣ ሰው እንኳ መጀመሪያ ፈጣሪን ያመሰግናል፤ ቀጥሎ የዘንድሮውን ዝናብ ያመሰግናል፤ ከዚያ ፊቱ የተቀመጠውን ሹም «አንቱን ያቆይልን፣ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር» ይለዋል። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጋቢውን ወደ ትከሻው መልሶ ወደ ጉዳዩ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለው በር ማንኳኳት ነው። ሳያንኳኳ ሰው ቤት ዘው የሚል ባለጌ ነው፤ እኛ አገር ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

ሬዲዮ ደግሞ ለአንድ ገበሬ የሚሰጠው አርባ ሰከንድ ነው። አርባ ሰከንድ ለምስጋናውም አይበቃ።

ሠርክአዲስ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በላህ ወንዝ ስም «የላህ ድምፅ» በምትባል ትንሽ ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት በጋዜጠኝነት ስትሠራ ይህን ነገር እያየች ዝም ብላለች። ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ ደክሟት ነው። ጣቢያው አንድ ሞተር ሳይክል ነበረው፤ ከሦስት ዓመት በፊት ጎማው ፈንድቶ ግቢ ውስጥ እንደቆመ ቀረና አሁን የዘበኛው ዶሮ እንቁላል ትጥልበታለች። ከሦስቱ መቅረጸ ድምፆች የሚሠራው አንዱ ነው፤ እሱንም አራት ሰው ይሻማበታል። ሚሞሪ ካርዱም አንድ ነው። ገጠር መውጣት የፈለገ ጋዜጠኛ የአንድ ሹም መኪና ወደዚያው እስኪሄድ ይጠብቃል። በሹም መኪና የሄደ ደግሞ ሹሙ የሚያሳየውን ያያል፣ ሹሙ ምሳ ሲበላ ይበላል፣ ሹሙ «በቃ» ሲል ይመለሳል። መንገድ ሲዘጋ ይህም የለም። በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት መቅረጸ ድምፅ ይዞ ከከተማ የወጣን ሰው አንዱ ወገን «የነዚያ ጆሮ ነህ» ይለዋል፤ ሌላውም ወገን ያንኑ ይለዋል። ባልደረባዋ ወንዳወቅ ወደ ሽንዲ ለዘገባ ሄዶ አራት ቀን ታግቶ ተመለሰ። ማን እንደያዘው እስካሁን አልተናገረም፤ ከዚያ ወዲህ የአየር ሁኔታ ብቻ ነው የሚያነበው።

ስለዚህ ሠርክአዲስ የራሷን ዘዴ ዘየደች። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት፣ ማንኩሳን አለፍ እንዳሉ፣ ሾላ መስክ የምትባል መንደር አለች። እዚያ ከአስፋልቱ መቶ እርምጃ የማይርቅ ቤት አለ፤ የአያ ዳኘው ቤት ነው። ሚኒባስ ተሳፍሮ «ወራጅ አለ» ማለት ብቻ ነው። አያ ዳኘው ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ድምፃቸው ወፍራምና ጥርት ያለ ነው፤ ሲናገሩ አይቸኩሉም፣ ያሉትን አይደግሙም። ለሬዲዮ የተፈጠሩ ሰው ናቸው። ስለ ምርጥ ዘር ሲፈለግ አያ ዳኘው፣ ስለ ከብት ክትባት አያ ዳኘው፣ ስለ እርከን ሥራ አያ ዳኘው፣ ስለ አንበጣም አያ ዳኘው፤ አንበጣው ሾላ መስክ ደርሶ ባያውቅም። የመንደሩ ሰው «ሬዲዮ ዳኘው» ብሎ ስም አወጣላቸው። እሳቸውም ስሙን አልጠሉትም። ሠርክአዲስ በመጣች ቁጥር፣ ጾም ካልሆነ በቀር፣ እርጎ ሳያስጠጡ አይለቋትም ነበር።

ሐምሌ መግቢያ ላይ ስለ ማዳበሪያ ዜና ተፈለገ፤ እሷም እንደ ልማዷ ሄደች። አያ ዳኘው ስድስት ደቂቃ ተናገሩ። ፈጣሪን አመሰገኑ፣ ዝናቡን አመሰገኑ፣ «ማዳበሪያውም መጥቶልናል፣ የሚያስቡልንን ሁሉ ያቆይልን» አሉ። ከዚያ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ማዳበሪያው የመጣው የበቆሎው ጊዜ ካለፈ በኋላ እንደሆነ፣ የመጣውም ከሚያስፈልገው እኩሌታ እንደማይሞላ፣ በመንደራቸው ሠላሳ ሁለት ቤት ጨርሶ እንዳልደረሰው ተናገሩ። የሰዎቹን ስም እየጠሩ፣ «ይኸውልሽ የሱ ማሳ፣ ያውልሽ የሷ ማሳ» እያሉ በእጃቸው አሳዩ። ሬዲዮ ማሳ እንደማያሳይ ረስተውት ነበር። ሠርክአዲስ ጸጥ ብላ ሰማቻቸው። በአሥራ አንድ ዓመት ከቀረጸችው ሁሉ ይህ የተሻለው እንደሆነ እዚያው ቆማ አውቃለች።

ከተማ ስትደርስ የሰባት ሰዓቱ ዜና ሊጀምር ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። መብራት ሄዶ መጥቷል፤ ተመልሶም ሊሄድ ይችላል። ዋና አዘጋጁ ክንፈሚካኤል በር ላይ ቆሞ «አርባ ሰከንድ» አላት። ሌላ አንድም ቃል አልተናገረ። ይህን ቁረጪ፣ ያን ተይ አላላትም። የቆረጠችው በገዛ እጇ ነው። «ያቆይልን» የሚለው ላይ አቆመችው፤ አርባ አንድ ሰከንድ ሆነ። የቀረውን ሐሙስ በገበሬዎች ፕሮግራም በሰፊው አወጣዋለሁ ብላ ለራሷ ቃል ገባች። ሐሙስ ዕለት በፕሮግራሙ ሰዓት የአንድ ስብሰባ ንግግር ተላለፈ። ዓርብ ደግሞ አንዱ ባልደረባዋ ካርዱ ሞልቶበት የነበረበትን ሁሉ አጠፋው። ሲነግራት «እሺ» አለችና ቤቷ ሄዳ ተኛች። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ በሚል ሕዝብ መሃል ተወልዳ፣ የሰው ቃል ጠፋ ሲሏት እሺ ብላ ተኛች።

ኅዳር ሲጋመስ አንድ ረፋድ ላይ የአያ ዳኘው ባለቤት እህተ ማርያም ጣቢያው ድረስ መጡ። ዘበኛው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ሠርክአዲስ ስትወጣ ብድግ ብለው ሳሟት፤ የእሷን ጤና ጠየቁ፣ ደምበጫ ያሉ እናቷን ጤና ጠየቁ፣ የጣቢያውን ሰው ሁሉ ጤና ጠየቁ። በመሃረብ የቋጠሩትን ቃሪያ እጇ ላይ አኖሩ።

«ጤፉ ደርሷል» አሉ። «ተመስገን ነው። እንዲህ ያለ ጤፍ ካየን ቆይተናል።»

ሠርክአዲስ ጠበቀች። ሬዲዮ ጊዜ ባይኖረውም እሷ ከምስጋናው በኋላ የሚመጣውን መጠበቅ ታውቅበታለች።

«አጫጅ ግን የለም።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው? ወንፈሉስ?»

«ዘንድሮ ለወንፈል የጠራን ሰው የለም፤ እኛ ካላጨድንለት ማን ብድር ሊመልስልን ይመጣል? አያ ዳኘው ሳይጠሩ ማጭዳቸውን ይዘው ሁለት ሰው ማሳ ሄዱ። ‹አንቱ አይልፉ› ብለው መለሷቸው። በክፉ አይደለም፤ አክብረው ነው። እንዲህ አክብሮ የሚመልስ ሰው ከሚሳደበው ይብሳል ልጄዋ።»

እህተ ማርያም ነገሩን ከሥሩ አወጡት። ነሐሴ ላይ ከሾላ መስክ አሥራ ሁለት ሰዎች ተመርጠው ማዳበሪያ አልደረሰንም ብለው ለአቤቱታ ሄዱ። የተቀበላቸው ሹም ገና ምስጋናቸውን ሳይጨርሱ «የእናንተው ዳኘው በሬዲዮ መጥቶልናል ብሏል፤ እናንተ ደግሞ ከየት መጣችሁ?» ብሎ አሰናበታቸው። ሰዎቹ ሲመለሱ በአያ ዳኘው ደጅ አለፉ፤ ሰላምታ አልሰጡም። ሠላሳ ሁለት ቤት ያለ ማዳበሪያ ዘራ። የአያ ዳኘው ጤፍ ደግሞ አምሮ በቀለ፤ ይህ ሌላ ነገር አመጣ። ተከፍሏቸው ነው፣ በስውር ተሰጥቷቸው ነው ተባለ።

«ፍግ ነው» አሉ እህተ ማርያም። «ከበረታችን ሥር ያለ ፍግ። በጀርባዬ ተሸክሜ ያፈሰስሁት እኔ ነኝ። ማን ያምናል?» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔና እሳቸው ማጭድ ይዘን ገብተናል። አራት ጥማድ መሬት ነው። ልጃችን ቡሬ ፋብሪካ ነው፣ ፈቃድ ከለከሉት። ትናንት ወዲያ ደግሞ አንጎዳጎደ። በኅዳር። ዝናብ ከመጣበት ተኝቶ ይበቅላል እንጂ ለአፍ አይደርስም።»

«እኔ ምን ላድርግላችሁ?»

«ያን ቀን የተናገሩትን ደጃፉ ላይ ቁሜ ሰምቸዋለሁ። አንድ ሳይቀር። ሙሉውን አንድ ቀን ለሰው አሰሚልን። ሌላ አልልሽም። እሳቸው መምጣቴን አያውቁም።»

«እፈልገዋለሁ እማማ» አለች ሠርክአዲስ። እንደጠፋ ታውቃለች። ሴትዮዋ መንገድ እስኪገቡ ድረስ ቃሪያውን ይዛ በር ላይ ቆመች፤ በራሷ አፈረች።

ክንፈሚካኤል ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ነው። የመነጽሩ እጀታ በክር የታሰረ ነው፤ ሲያዳምጥም ሲቆጣም አይቀመጥም። ሠርክአዲስ ነገሩን ስትነግረው ግድግዳውን ተደግፎ ሰማት።

«ማረሚያ እናውጣ» አለችው። «እኔ እንደቆረጥኩት፣ የቀረውም ምን እንደነበረ እንናገር።»

«ሠርኬ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ስንት ገበሬ አቀረብሽ?»

«አልቆጠርኩም።»

«ሁሉንም የቆረጥነው እንዲሁ ነው። እኔም ከአንቺ በፊት እንዲሁ ስቆርጥ ነው የኖርኩት። የዳኘውን ዛሬ ካረምን ነገ የቀረው ሁሉ በሩ ላይ ይሰለፋል። ከማን ጀምረን በማን እንጨርሳለን?» መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ደግሞ ማዳበሪያ አልደረሰም ብለሽ በአየር ላይ ብትናገሪ ማን ደውሎ እንደሚጠራኝ ታውቂያለሽ። እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ። አንቺ የምትጦሪያት እናት አለችሽ። አርፈሽ ሥሪ።»

በክፋት አልተናገረም። ሠርክአዲስን ያናደዳት ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ትጣላው ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የአያ ዳኘው አፍ ግን ወለም አላለም፤ ወለም ያለው የእሷ እጅ ነው፤ ታሽቶ የሚድንበት መንገድ ካለ ደግሞ ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ እንዳልሆነ ገባት።

እሑድ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍራ ሾላ መስክ ሄደች። ቅዳሴ ሲወጣ የሰንበቴው ማኅበር ደጀ ሰላም ውስጥ ተቀምጦ ደረሰች። ዳቦው ተቆርሷል፣ ንፍሮው ቀርቧል፣ ጠላው እየተቀዳ ነው። አያ ዳኘው ከበሩ አጠገብ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ከእሳቸውና ከሚቀጥለው ሰው መካከል ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶውን አለ። ሲያዩዋት ደነገጡ፤ ከባለቤታቸው ጋር ተያዩ። ካወቀቻቸው ወዲህ እንዲህ ከስተው አይታቸው አታውቅም።

የሰንበቴው አለቃ አያ መልካሙ ናቸው፤ ነሐሴ ላይ ለአቤቱታ የሄዱትን ሰዎች የመሩትም እሳቸው ነበሩ። ዳቦ አሰጧት፤ እስክትቀምስ ጠበቁና «እንግዲህ እንግዳ ከመጣ ጉዳይ አይጠፋውም» አሉ።

ሠርክአዲስ ተነሣች። አፏን ስትከፍት የወጣው ነገር ለራሷም ገረማት። «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። «ይህን ሰንበት ላደረሰን፣ ይህን ማኅበር ለጠበቀልን፣ እናንተንም እንዲህ በፍቅር…»

«ልጄዋ» አሉ አያ መልካሙ፣ እጃቸውን ቀስ ብለው አንሥተው። «ምስጋናውን ተይው። እኛ የተጎዳነው በሱ ነው።»

ጥቂት ሰው ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ሠርክአዲስ እንደገና ጀመረች፤ አሁን ሳታንኳኳ ገባች። ሐምሌ ላይ አያ ዳኘው የተናገሩት ስድስት ደቂቃ እንደነበር ነገረቻቸው። ማዳበሪያው ዘግይቶ መጣ ማለታቸውን፣ ለሠላሳ ሁለት ቤት አልደረሰም ማለታቸውን፣ የእያንዳንዱን ስም መጥራታቸውን ነገረቻቸው። የምታስታውሳቸውን ስሞች ጠራች፤ ሰዎቹ እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ ስማቸው ሲጠራ ቀና ይሉ ነበር። «የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለች። «ማንም አላዘዘኝም። ቀሪውን ይዤ መጥቼ ባሰማችሁ ኖሮ ጥሩ ነበር። ጠፍቷል። ያለኝ የራሴ አፍ ብቻ ነው።»

«ለምን ቆረጥሽው?» አሉ አያ መልካሙ።

«የተሰጠኝ አርባ ሰከንድ ነው።»

«አርባ ሰከንድ ምን ያህል ነው?»

አሰበች። «አባታችን ሆይ አንድ ጊዜ ቢደገም ነው።»

አያ መልካሙ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞር ብለው አዩ፤ እንደሚቆጥሩ ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። «አባታችን ሆይም እኮ ቀድሞ ውዳሴ ነው» አሉ። «ልመናው ኋላ ነው ያለው። ‹የዕለት እንጀራችንን› ሳይባል ቢቆረጥ ምን ጸሎት ይሆናል?» ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። «ዳኘው። እንዲህ ከሆነ ለምን አንተ ራስህ አልነገርኸንም?»

ያ ለሬዲዮ የተፈጠረ ድምፅ ሲወጣ ዝግ ያለ ነበር። «መጀመሪያ ላይ ብዬ ነበር። ለሁለት ሦስት ሰው ነገርሁ። ‹በጆሯችን ሰምተናል› አሉኝ። እኔም ሰምቸዋለሁ። የገዛ ድምፄ ነው። እየዋለ እያደረ ሲሄድ…» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እንዲያው እውነት ያን ብቻ ብዬ ይሆን እያልሁ ራሴን መጠርጠር ጀመርሁ። እርጅና ነው፣ ረስቼው ይሆናል አልሁ። እህተ ማርያም ‹ሰምቸዎታለሁ› ትለኝ ነበር። ልታጽናናኝ መስሎኝ ነበር።»

እህተ ማርያም በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሠርክአዲስ የምትቆምበት ጠፋት። ሰው ሥራውን ያጣል፣ ወዳጁን ያጣል፤ የራሱን ቃል ግን ተናግሬው ይሆን ብሎ እስኪጠራጠር ድረስ ማድረስ ምን የሚባል በደል እንደሆነ አላወቀችም። ይቅርታ ለማለት አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አነሰባትና ተወችው።

አያ መልካሙ ተነሥተው ያን ባዶ ቦታ ተሻገሩ። አያ ዳኘውን ትከሻቸውን ሳሙ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ አያ ዳኘውም። ከዚያ ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ተነሡ። የአጨዳው ቀን እዚያው ተቆረጠ፤ ማክሰኞ ሆነ።

ስትወጣ አያ መልካሙ እስከ አጥሩ ሸኟት። «ለኛ ነገርሽን» አሉ። «ለዚያ ሹምስ ማን ይነግረዋል?»

«በሬዲዮ እናገራለሁ» አለች። ማንም አላስገደዳትም። ደግ ሰው ለመሆን አስባም አይደለም፤ ነገሩን ይዛው መኖር ስላልቻለች ነው።

ሰኞ የሰባት ሰዓቱን ዜና የማንበብ ተራው የሷ ነበር። ዜናው ቀጥታ ነው የሚተላለፈው። የመጀመሪያውን አነበበች፤ ስለ አንድ ድልድይ ምረቃ ነው። ሁለተኛው ስለ ስብሰባ ነው፤ ሦስተኛውም ስለ ስብሰባ ነው። አራተኛው ላይ ክንፈሚካኤል የሰጣትን ወረቀት ገልብጣ በእጇ የጻፈችውን አወጣች።

«ሐምሌ ላይ ከሾላ መስክ የሰማችሁት የአቶ ዳኘው ድምፅ ሙሉ አልነበረም» ብላ አነበበች። «ማዳበሪያ ዘግይቶ መምጣቱንና ለሠላሳ ሁለት አባወራዎች አለመድረሱን ተናግረው ነበር። ያንን የቆረጥኩት እኔ ሠርክአዲስ ነኝ። አቶ ዳኘውንና የሾላ መስክን ሕዝብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ክንፈሚካኤል ከመስታወቱ ወዲያ እጁን የድምፁ መቆጣጠሪያ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። ዝቅ ሊያደርገው ይችል ነበር። አላደረገውም። እስክትጨርስ ጠበቀ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ስልኩ መጮኽ የጀመረው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ክንፈሚካኤል «አዎ ጌታዬ» እያለ ብዙ ቆየ። የእገዳውን ደብዳቤ ራሱ ጻፈው፣ ራሱ አተመው፣ ማህተም ሊመታበት ሲል ማህተሙን የያዘው ሰው ባሕር ዳር ስብሰባ ላይ እንደሆነ ትዝ አለው። «ነገ ነው የሚመለሰው» አላት። «ያለ ማህተም ደብዳቤ አይባልም። አንቺ ግን ከዛሬ ጀምሮ ባትመጪ።» ደብዳቤውን አጠፈው። «አንቺ ዛሬ ያደረግሽውን እኔ ማድረግ የነበረብኝ ያኔ በጉብዝናዬ፣ ድምፄ ወፍራም እያለ ነበር» አለና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሠርክአዲስ ኩባያዋንና ሹራቧን ይዛ ወጣች። መንገዱ ላይ ባጃጆች ያልፋሉ፣ ከሱቆቹ ሙዚቃ ይሰማል። ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

ማክሰኞ ሥራ የሌለው ሰው ሆና ተነሣች፤ የምትሄድበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ሾላ መስክ ስትወርድ የአያ ዳኘው ማሳ በሰው ተሞልቷል። አርባ የሚሆን ማጭድ ተሰልፎ ያጭዳል፤ ሴቶቹ ነዶውን እያሰሩ ይከተላሉ። የማሳው እኩሌታ ታጭዷል። በስተምዕራብ ደመና አለ፤ ሰው ቀና እያለ ያየዋል፤ ተመልሶ ያጎነብሳል። ሠርክአዲስ በማሳው ጠርዝ እየሄደች የሰዎቹን ፊት ታይ ነበር። ትናንት የሰማ ሰው ፊት ትፈልግ ነበር። እውነቱን እንናገር፣ አንድ ሰው «ጎበዝ» እንዲላት ፈልጋለች። ሥራዋን ሰጥታበታለች፤ ብትፈልግ አይፈረድባትም።

አያ መልካሙ ቀና ብለው ላባቸውን ጠረጉ፤ ጤንነቷን ጠየቁ፤ የእናቷን ጤና ጠየቁ።

«ትናንት በሬዲዮ ተናገርኩ» አለቻቸው።

«እንዴ? ተናገርሽ?»

«አልሰማችሁም?»

አያ መልካሙ አጠገባቸው ያለውን ሰው አዩ፤ ሰውየው ሌላውን አየ። «ኧረ ልጄዋ፣ አትቀየሚን» አሉ። «ከነሐሴ ወዲህ በዚህ መንደር ሬዲዮ የሚከፍት ሰው የለም። ጊዮርጊስ ምስክሬ ነው፣ የኔ ቤት ሬዲዮ ላይ ዶሮ ተኝታበታለች። አንች ግን እሑድ ነገርሽን አይደል? እኛ የመጣነው በሱ ነው።»

«እሺ» አለች ሠርክአዲስ። ለአሥራ አንድ ዓመት ድካሟ የተሰጣት መልስ ይህ ነበር፤ ማንም አልሰማም። ማልቀስ አማራት፤ ለማልቀስም ደከማት። ነዶ ላይ ተቀመጠች።

አያ ዳኘው ማጭዳቸውን እንደያዙ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ትንሽ ተነፈሱ። «በሬዲዮ ተናገርሽ አሉኝ» አሉ።

«ተናገርኩ። አንቱም አልሰሙኝም።»

«አልሰማሁም። እኔሳ እከፍት ነበር። ሰው ሁሉ ሲዘጋ እኔ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን በሬን ዘግቼ እከፍት ነበር። የቀረውን ዛሬ ያወጡታል፣ ካልሆነም ነገ ያወጡታል እያልሁ። እስከ መስቀል ጠበቅሁ። ከዚያ ባትሪ ድንጋዩ አለቀ፤ እህተ ማርያም ‹ሌላ አንገዛም› አለች። እኔም ተውሁት።»

ሠርክአዲስ «ነሐሴንና መስከረምን ዜና ሳነብ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለች። «በየቀኑ ማለት ይቻላል እኔ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ» አሉ አያ ዳኘው። «ድምፅሽን አውቀዋለሁ እኮ።»

ይህን ያሉት ሊወቅሷት አልነበረም፤ ስለዚህም ነው እንባዋ የመጣው። አያ ዳኘው እስክትጨርስ ከአጠገቧ አልተነሡም። ከዚያ ደመናውን ቀና ብለው አይተው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ወደ አጫጆቹ ተመለሱ።